ዋናው በር ሲዘጋ
በኢንተርኔት ስልክ ጥሪዎች ወደ ተጠባባቂ መስመር ሳይዞሩ የሚቀሩት ለምንድን ነው?

መግቢያ

ስልክ ደውሎ ዝምታ ብቻ የገጠመው ሰው ብዙውን ጊዜ «ኔትወርክ የለም» ብሎ ያልፈዋል። ለተጠቃሚው ይህ አባባል ይበቃው ይሆናል፤ ለቴክኒክ ባለሙያና ለፊዚክስ ተማሪ ግን ገና የጥያቄ መነሻ ነው። የቀረው የትኛው ክፍል ነው? የደዋዩ መሣሪያ ነው? ጥሪውን የሚያዘዋውረው ሰርቨር ነው? ወይስ ጥሪው ከኢንተርኔት ወጥቶ ወደ ተራው የስልክ መረብ የሚገባበት በር? ከሁሉም በላይ ደግሞ ተጠባባቂ መስመር እያለ ጥሪው ለምን ወደዚያ አልዞረም?

ይህ ጽሑፍ የመጨረሻውን ጥያቄ ለመመለስ ይሞክራል። መምህራን በፊዚክስ፣ በሒሳብና በመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍለ ጊዜ እንዲጠቀሙበት የስሌት ምሳሌዎችና በክፍል ውስጥ የሚሠራ አንድ ሙከራ ተጨምረውበታል።

ሀ. ከቁረይሻ የሚገኝ ትምህርት

ቁረይሻ በምሥራቅ ሱዳን፣ በገዳሪፍ ክፍለ ግዛት፣ የኢትዮጵያን ወሰን ተከትሎ የሚገኝ አካባቢ ነው። መሬቱ በክረምት የሚጨቀይ ጥቁር አፈር ሲሆን ሰሊጥና ማሽላ በሰፊው ይበቅልበታል። በአጨዳ ወቅት ከጎንደርና ከሌሎችም አካባቢዎች የሚነሱ የቀን ሠራተኞች ወሰን እየተሻገሩ ወደ ገዳሪፍ እርሻዎች ሲሄዱ ኖረዋል። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከትግራይ ጦርነት የሸሹ በአሥር ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች በዚያው ክፍለ ግዛት በኡም ራኩባና በቱናይድባ መጠለያዎች ሰፍረዋል። ስለዚህ በወሰኑ ወዲህና ወዲያ ያለ ቤተሰብ የዘመዱን ደኅንነት፣ የሕመሙን ወይም የመመለሱን ወሬ የሚሰማው በስልክ ነው።

በሱዳን ጦርነት የተጀመረው ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ገደማ ሱዳኒና ኤም ቲ ኤን የተባሉት ሁለት የስልክ ድርጅቶች አገልግሎት ተቋረጠ። ጥር 29 ቀን ሦስተኛው ድርጅት ዘይን ተከተለ፤ አገሪቱም ከሞላ ጎደል ከመረብ ውጭ ሆነች። ለዚህ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ተዋጊዎቹ ወገኖች እርስ በርሳቸው ተካሰዋል። ለእኛ ርእስ የሚጠቅመው ግን የቴክኒኩ ነገር ነው። ገዳሪፍ ከካርቱም በመቶ በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ይርቃል፤ በዚያ ሰሞን የውጊያው ማእከልም አልነበረም። ነገር ግን ጥሪዎችን የሚያዘዋውሩትና የደንበኞችን መዝገብ የሚይዙት ዋና ዋና ማእከሎች በካርቱም ስለነበሩ፣ የአካባቢው ማማ ቆሞ ሳለ ስልኩ ዝም አለ።

ጉዳቱ በጨዋታና በወሬ አልተወሰነም። ባንከክ የተባለው የካርቱም ባንክ የስልክ ገንዘብ አገልግሎት በጦርነቱ ጊዜ ለብዙ ሰው ብቸኛው የመክፈያ መንገድ ሆኖ ነበር። መረቡ ሲጠፋ ገንዘብ መላክና መቀበል ቆመ፤ በጎ ፈቃደኞች ምግብ እያበሰሉ የሚያከፋፍሉባቸው ቦታዎችም የሚገዙበት አጥተው ሥራ ያቆሙ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ድርጅቶቹ ሥራቸውን ከካርቱም ውጭ፣ በተለይም በፖርት ሱዳን በኩል እያደራጁ በምሥራቅና በሰሜን አገልግሎቱን ቀስ በቀስ መለሱ። በብዙ ቦታ ደግሞ ሰዎች ስታርሊንክ በተባለው የሳተላይት ኢንተርኔት ተረዱ።

በወሰኑ በዚህኛው በኩልም ሁኔታው ቀላል አልነበረም። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። እንግዲህ በአንድ በኩል ሳተላይት ኢንተርኔት ያለው ሰው፣ በሌላው በኩል ተራ ስልክ ብቻ ያለው ዘመድ ቢኖረው፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከኢንተርኔት ወደ ስልክ መረብ የሚያሻግር በር ብቻ ነው። ይህ በር ምን እንደሆነ አሁን እንመልከት።

ለ. የጥሪ ጉዞና የበሩ ሥራ

በኢንተርኔት ስልክ ድምፅ በአንድ ጥሪ ብቻ በተያዘ ሽቦ አይሄድም። በየሴኮንዱ 50 ገደማ በሆኑ ጥቃቅን እሽጎች እየተቆራረጠ ይላካል። ከድምፁ ተለይቶ የሚሄድ ሌላ መልእክትም አለ። «እገሌን ጥራልኝ»፣ «እየጠራሁ ነው»፣ «ተይዟል»፣ «አነሣ»፣ «ዘጋ» የሚባባሉበት የስምምነት ቋንቋ ሲፕ ይባላል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው መሠረታዊ ደንቡ በ1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 2002) አር ኤፍ ሲ 3261 በሚል ቁጥር ወጥቷል።

ጥሪው ከደዋዩ ተነሥቶ መጀመሪያ የሚደርሰው አዘዋዋሪ ከሚባለው ሰርቨር ዘንድ ነው። አዘዋዋሪው የተደወለውን ቁጥር ያነባል። ቁጥሩ በ249 ከጀመረ ሱዳን፣ በ251 ከጀመረ ኢትዮጵያ መሆኑን ያውቃል። ከዚያም ወደዚያ አገር የሚወስደውን በር ከዝርዝሩ ይመርጣል። ይህ በር ጌትዌይ ይባላል፤ ሥራውም የኢንተርኔቱን ቋንቋ ወደ ስልክ መረብ ቋንቋ መተርጎም ነው።

በዝርዝሩ ላይ በሮቹ በቅደም ተከተል ይቀመጣሉ። በር ሀ ዋናው፣ በር ለ ተጠባባቂው፣ በር ሐ ሦስተኛው ነው እንበል። ሀ ሲወድቅ ጥሪው ራሱ ወደ ለ እንዲዞር ይጠበቃል። በቀድሞው የእጅ ማዞሪያ ዘመን ይህን የምታደርገው ኦፕሬተሯ ነበረች። መስመሩ መሞቱን በጆሮዋ ሰምታ፣ ገመዱን ነቅላ በሌላው መስመር ላይ ትሰካዋለች። ሰርቨሩ ግን ጆሮ የለውም። ያለው የሰዓት ቆጣሪና የመልስ ቁጥር ብቻ ነው። ጥፋቱም የሚመነጨው ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ ከሁለቱ ነው።

ሐ. ጥሪው ወደ ተጠባባቂው የማይዞርባቸው ምክንያቶች

1. የጥበቃው ጊዜ መርዘም

በሩ ጨርሶ ከሞተ መልስ አይሰጥም። አዘዋዋሪው ጥያቄው በመንገድ ጠፍቶ ይሆናል ብሎ ደጋግሞ ይልካል። በደንቡ መሠረት የመጀመሪያው የመጠበቂያ ጊዜ ግማሽ ሴኮንድ ነው፤ በየድግግሞሹም እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው የሚላከው በ0፣ በ0.5፣ በ1.5፣ በ3.5፣ በ7.5፣ በ15.5 እና በ31.5 ሴኮንድ ላይ ነው። ተስፋ የሚቆረጠው ከመጀመሪያው ጊዜ 64 እጥፍ ሲሞላ፣ ማለትም በ32ኛው ሴኮንድ ነው።

ያለ ምንም ድምፅ 32 ሴኮንድ የሚጠብቅ ደዋይ ግን ጥቂት ነው። ዘግቶ እንደገና ይደውላል፤ አዲሱ ጥሪም እንደገና ከበር ሀ ይጀምራል። ተጠባባቂው በር ደኅና ሆኖ ሳለ አንድም ጥሪ ሳይደርሰው ይውላል። መፍትሔው የበሩን የመጠበቂያ ጊዜ ወደ 3 ወይም 4 ሴኮንድ ማሳጠር ነው።

2. «እየሞከርኩ ነው» ብሎ ዝም የሚል በር

ከሞተ በር ይልቅ ግማሽ ጎኑ የሞተ በር ያስቸግራል። ጥያቄው ሲደርሰው ወዲያው 100 የሚል መልስ ይሰጣል፤ ትርጉሙ «ደርሶኛል፣ እየሞከርኩ ነው» ማለት ነው። ይህ መልስ ከደረሰ የ32 ሴኮንዱ ቆጣሪ ይቆማል። በሩ ከዚያ በኋላ ዝም ቢል አዘዋዋሪው የሚጠብቀው በሌላ ቆጣሪ ነው፤ እሱም በደንቡ ከ3 ደቂቃ በላይ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ቆጣሪ ማበጀት ያስፈልጋል። ይኸውም ከ100 በኋላ በተወሰኑ ሴኮንዶች ውስጥ «እየጠራ ነው» የሚለው 180 ካልመጣ ወደሚቀጥለው በር የሚያሻግር መሆን አለበት።

3. የጤና ምርመራው የሚያሳስት መሆኑ

አዘዋዋሪዎች በሮቹን በየ30 ወይም በየ60 ሴኮንዱ «አለህ ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። በሩ 200 ብሎ ከመለሰ ጤነኛ ይባላል። ነገር ግን ይህ ጥያቄ የሚፈትነው የበሩን መሣሪያ ብቻ ነው። ከበሩ ጀርባ ያለው የስልክ መስመር ተቆርጦም ቢሆን መሣሪያው መብራት እስካለው ድረስ «አለሁ» ማለቱን ይቀጥላል። ዘበኛው በቦታው መኖሩ መንገዱ ክፍት ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ከመሣሪያው ምርመራ ጋር፣ በየጊዜው እስከ መጨረሻው የሚደርስ እውነተኛ የሙከራ ጥሪ ማድረግ፣ ከመቶ ጥሪዎች ስንቱ እንደተነሣም መከታተል ይገባል። በአንድ በር የሚነሡት ጥሪዎች በድንገት ወደ ዜሮ ከወረዱ፣ ምርመራው «ጤነኛ» ቢልም በሩ ታሟል።

4. የመልስ ቁጥሮች መምታታት

በሩ ጥሪውን ማድረስ ሲያቅተው ምክንያቱን በቁጥር ይናገራል። 486 ማለት ተቀባዩ በሌላ ጥሪ ተይዟል ማለት ነው፤ በሌላ በር ቢሞከርም ያው ስለሆነ መዞር አያስፈልግም። 480 ማለት ተቀባዩ ለጊዜው አይገኝም ማለት ነው። ከዋና የኤሌክትሪክ መስመር ርቆ በናፍጣ ጄኔሬተር የሚሠራ ማማ ነዳጅ ሲያልቅበት እንዲህ ያለ መልስ ሊመጣ ይችላል። 503 ማለት ግን በሩ አገልግሎት መስጠት አልቻለም ማለት ስለሆነ ጥሪው ወዲያው መዞር አለበት።

አሳሳቹ 404 ነው። በተለመደው ትርጉሙ «እንዲህ ያለ ቁጥር የለም» ማለት ነው። ነገር ግን የስልክ መረብን የምክንያት ቁጥሮች ወደ ሲፕ በሚተረጉመው ደንብ፣ በአር ኤፍ ሲ 3398፣ «ቁጥሩ ለማንም አልተሰጠም» የሚለው ምክንያት 1ም፣ «ወደዚያ የሚወስድ መንገድ የለም» የሚለው ምክንያት 3ም ሁለቱም 404 ይሆናሉ። እንግዲህ ወደ ሱዳን የሚወስደው መንገድ የጠፋበት በር፣ ትናንት ያነጋገርነውን ዘመድ ቁጥር «የለም» ሊል ይችላል። አዘዋዋሪው በ404 እንዳይዞር ከታዘዘ ጥሪው እዚያው ይሞታል። መርማሪው 404 ሲያይ አብሮ የተላከውን የምክንያት ቁጥር ማንበብ አለበት። 1 ከሆነ ይተወው፤ 3 ከሆነ ወደ ሌላ በር ያዙረው።

5. የቁጥር አጻጻፍ ልዩነት

አንዱ በር ቁጥሩን 249 ብሎ እንዲጀምር ይፈልጋል፤ ሌላው 00249፤ ሦስተኛው የመደመር ምልክት ያለበትን። ጥሪው ከሀ ወደ ለ ሲዞር አዘዋዋሪው ለሀ ያዘጋጀውን ቁጥር እንዳለ ለለ ቢሰጠው፣ ጤነኛው በር ጥሪውን አይቀበልም። አንዳንዴም ለሀ የተጨመረው 00 ሳይነሣ ለለ ደግሞ ሌላ 00 ይታከልበታል። የዚህ ጥፋት ምልክቱ ግልጽ ነው፤ ወደ ለ በቀጥታ የተደወለ ጥሪ ይሠራል፣ ከሀ የዞረው ግን አይሠራም።

6. የተጠባባቂው ጠባብነት

የድምፅ አጨማመቅም ይቆጠራል። ጂ 711 በተባለው ዘዴ ድምፅ ብቻውን በሴኮንድ 64,000 ቢት ይወስዳል። እያንዳንዱ እሽግ 40 ባይት የአድራሻ ጽሑፍ ስለሚሸከም፣ 50 እሽግ በ320 ቢት ሲባዛ 16,000 ቢት ይጨመራል፤ ድምሩ 80,000 ነው። ጂ 729 በተባለው ግን ድምፁ 8,000 ብቻ ሲሆን ከአድራሻው ጋር 24,000 ይሆናል። በሴኮንድ 2,000,000 ቢት በሚያሳልፍ ተጠባባቂ መስመር በመጀመሪያው ዘዴ 25 ጥሪ፣ በሁለተኛው 83 ጥሪ ይተላለፋል። ዋናው በር 60 ጥሪ ይዞ ሲወድቅ በመጀመሪያው ዘዴ የሚሠራ ተጠባባቂ ሊሸከመው አይችልም። ሁለተኛውን ዘዴ ፈጽሞ የማይቀበል ከሆነ ደግሞ 488 ብሎ ይመልሳል።

ከዚህ የባሰም አለ። የሞላው በር 503 ይመልሳል። አዘዋዋሪው ይህን እንደ ሞት ከቆጠረው ሥራ በዝቶበት የነበረውን በር ከዝርዝሩ ያስወጣውና ሁሉም በሮች በአንድ ደቂቃ ውስጥ «ሞቱ» ተብለው ይመዘገባሉ።

7. ሁለት በሮች በአንድ ምሰሶ

ዋናው ትምህርት እዚህ ላይ ነው። በር ሀ ከ100 ሰዓት አንዱን ሰዓት ይወድቃል እንበል፤ በር ለም እንደዚሁ። አወዳደቃቸው የማይገናኝ ከሆነ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የሚወድቁበት ዕድል 1/100 ሲባዛ በ1/100፣ ማለትም 1/10,000 ነው። ዓመቱ 8,760 ሰዓት ስለሆነ አንድ በር ብቻውን በዓመት 87.6 ሰዓት ሲጠፋ ሁለቱ አንድ ላይ የሚጠፉት ለ53 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው።

ይህ ስሌት የሚሠራው ግን ሁለቱ በሮች ምንም የጋራ ነገር ከሌላቸው ብቻ ነው። መብራታቸው ከአንድ ጄኔሬተር፣ ኢንተርኔታቸው ከአንድ ገመድ፣ የደንበኛ መዝገባቸው ከአንድ ማእከል ከሆነ ሁለት በር መኖሩ በወረቀት ላይ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የሱዳን ነዋሪ የሦስት ድርጅቶች ሲም ካርድ በኪሱ ቢይዝም ሦስቱም ከካርቱም ጋር ታስረው ነበር። በዚያው ዓመት የካቲት 16 ቀን ገደማ ደግሞ በቀይ ባሕር ወለል የተዘረጉ የተለያዩ ባለቤቶች ገመዶች ተቆረጡ፤ የተመታ መርከብ እየተንሳፈፈ የጎተተው መልሕቅ እንደቆረጣቸው ይታመናል። የባለቤት ስም መለያየት የመንገድ መለያየት አይደለም።

መ. የምርመራ ቅደም ተከተል

አንድ ጥሪ ሳይዞር ሲቀር ነገሩን ሁሉ ባንድ ጊዜ መነካካት ጥፋቱን ይሰውራል። የሚከተለው ቅደም ተከተል ይመረጣል።

አንደኛ፣ የጥሪውን መዝገብ ማውጣት፤ የተደወለበትን ሰዓት፣ የተደወለውን ቁጥር፣ የተመረጠውን በር፣ የመልሱን ቁጥርና ያለፈውን ሴኮንድ መጻፍ።

ሁለተኛ፣ ያለፈውን ሴኮንድ ማየት። 32 ከሆነ በሩ ጨርሶ አልመለሰም። ከ3 ደቂቃ በላይ ከሆነ 100 ብሎ ዝም ብሏል። ከአንድ ሴኮንድ በታች ከሆነ በሩ አውቆ አልቀበልም ብሏልና የመልሱን ቁጥር መመርመር ነው።

ሦስተኛ፣ ተጠባባቂውን በር ለብቻው መሞከር። ሀን ከዝርዝሩ አውጥቶ በለ በቀጥታ መደወል። በቀጥታ ከሠራና ሲዞር ካልሠራ ጥፋቱ በቁጥር አጻጻፍ ወይም በመዞሪያው ትእዛዝ ላይ ነው።

አራተኛ፣ ድምፁን መስማት። «አነሣ» የሚል መልስ መጥቶ ድምፅ በአንድ ወገን ብቻ ከተሰማ ይህ የመዞር ጉዳይ አይደለም፤ የድምፁ እሽጎች በአድራሻ ለውጥ ወይም በመከላከያ አጥር ታግደዋል። ጥሪ ከተነሣ በኋላ ደግሞ አዘዋዋሪው ወደ ሌላ በር አያዞረውም።

አምስተኛ፣ አመላለሱን መመርመር። የዳነው በር አንድ ጊዜ ብቻ «አለሁ» ስላለ ወዲያው ጥሪ ሁሉ ከተሰጠው እየወደቀ እየተነሣ ሁሉንም ያውካል። ለምሳሌ አምስት ጊዜ በተከታታይ በትክክል ከመለሰ በኋላ መመለሱ የተሻለ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። በሲም ካርድ የሚሠራ በር መሣሪያው በገበያ ስለተገኘ ብቻ ማንም የሚተክለው አይደለም። በኢትዮጵያ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የወጣው ያለ ፈቃድ ጥሪ የሚያስተላልፉትን ጭምር ለመቅጣት ነው። ተማሪዎች ሙከራቸውን በክፍል ውስጥ፣ ከሕዝብ ስልክ መረብ ጋር ሳያገናኙ ማድረግ አለባቸው።

ሠ. በክፍል ውስጥ የሚሠራ ሙከራ

ለዚህ ሙከራ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ሰባት ተማሪዎች ይመረጡ፤ ደዋይ፣ አዘዋዋሪ፣ በር ሀ፣ በር ለ፣ በር ሐ፣ ተቀባይና ሰዓት ያዥ። መምህሩ ለእያንዳንዱ በር በምስጢር አንድ ወረቀት ይሰጣሉ። በወረቀቶቹ ላይ «ፈጽሞ አትመልስ»፣ «100 በልና ዝም በል»፣ «ለአለህ ወይ ጥያቄ 200 በል፣ ለጥሪ ግን 404 በል»፣ «በትክክል አድርስ» ከሚሉት አንዱ ይጻፋል። ደዋዩ በወረቀት ላይ ቁጥር ጽፎ ለአዘዋዋሪው ይሰጣል፤ ሰዓት ያዡ ሴኮንዱን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። ደዋዩ 15 ሴኮንድ ከጠበቀ በኋላ እንዲዘጋ ይደረግ። የቀረው ክፍል የትኛው በር ምን እንደታዘዘ ከሰዓቱና ከመልሱ ብቻ ተነሥቶ ይፈርድ።

በሁለተኛው ዙር አዘዋዋሪው 4 ሴኮንድ ብቻ እንዲጠብቅ ይታዘዝና ስንት ጥሪ እንደደረሰ ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸር። በሦስተኛው ዙር ሦስቱም በሮች በአንድ ወንበር ላይ እንዲቀመጡ ተደርጎ መምህሩ ወንበሩን ሲያነሡ የሚሆነውን ተማሪዎቹ ይመልከቱ። የካርቱምን ጉዳይ ለማስረዳት ከዚህ የበለጠ ሥዕል አያስፈልግም።

ማጠቃለያ

ተጠባባቂ በር ዋስትና የሚሆነው ዋናው ደኅና ሳለ ተሞክሮ ሲያልፍ ነው። በመሆኑም የስልክ ማዞሪያ የሚያስተዳድር ማንኛውም መሥሪያ ቤት፣ ትምህርት ቤትም ሆነ ሆስፒታል፣ ቢያንስ በወር አንድ ጊዜ ጥሪ በሚቀንስበት ሰዓት ዋናውን በር ሆን ብሎ ዘግቶ ጥሪዎች በስንት ሴኮንድ እንደዞሩ ይመዝግብ። መዝገቡ ላይ ከሴኮንዱ ጎን ሁለቱ በሮች የሚጋሩት መብራት፣ ገመድና ማእከል በስም ይጻፍ። ከጎንደር ወደ ቁረይሻ የሚደውል ቤተሰብ መስመር መያዝ አለመያዙ የሚወሰነው በዚህ ዝርዝር ነው።

መልመጃ

1. የመጀመሪያው የመጠበቂያ ጊዜ ከ0.5 ወደ 0.25 ሴኮንድ ቢወርድና የ64 እጥፍ ደንቡ እንዳለ ቢቀር፣ አዘዋዋሪው ተስፋ የሚቆርጠው በስንተኛው ሴኮንድ ነው? በሌላው እጅ፣ መስመሩ በሳተላይት የሚሄድና ምልልሱ 0.6 ሴኮንድ የሚፈጅ ቢሆን ይህ ለውጥ ምን ችግር ያመጣል?

2. ሦስት በሮች እያንዳንዳቸው ከ50 ሰዓት አንዱን ሰዓት ይወድቃሉ። አወዳደቃቸው የማይገናኝ ከሆነ ሦስቱም በአንድ ላይ የሚወድቁበት ዕድል ስንት ነው? ሁለቱ አንድ ጄኔሬተር ቢጋሩና ሁልጊዜ አብረው ቢወድቁስ?

3. በሴኮንድ 1,000,000 ቢት የሚያሳልፍ መስመር በጂ 711 ስንት ጥሪ፣ በጂ 729 ስንት ጥሪ ይሸከማል?

4. በምትኖሩበት ከተማ ሁለት የተለያዩ የስልክ ወይም የመብራት ምንጮች የሚጋሩትን አንድ ነገር ፈልጋችሁ ለክፍሉ አስረዱ።

መልስ፦ 1) በ16ኛው ሴኮንድ፤ መልሱ ከመድረሱ በፊት ጥያቄው ያለ አስፈላጊነት ይደጋገማል። 2) 1/125,000፤ ሁለቱ ከተጋሩ 1/2,500። 3) 12 እና 41።